ስድስተኛው ረድፍ ላይ ስለዳነችው እህቴ

ለተከበሩ የሆስፒታሉ የመረጃ ሥርዓት መምሪያ ኃላፊ፣
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎ፣ ለመላው ቤተሰብዎና በጠረጴዛዎ ላይ ለተደረደሩት ሦስት ኮምፒውተሮች የተሟላ ጤና እመኛለሁ። በተለይ ዓይኖችዎ ደህና እንዲሆኑልዎ የምመኘው ከልቤ ነው፤ ምክንያቱም ክፉ ቀን መጥቶ ዓይንዎን ቢያምዎ የሚመዘገቡት እርስዎው ባሠሩት ገጽ ላይ ስለሚሆን፣ ይህን ደግሞ ለጠላቴም አልመኝም።

እኔ ለጫማ መደብሮች፣ ለፎቶ ቤቶችና ለመሳሰሉት ድረ ገጽ እየሠራሁ የምተዳደር ሰው ነኝ። ታላቅ እህቴ ደግሞ ልብስ ሰፊ ናት። እናታችን ከሞተች ወዲህ ያሳደገችኝ እሷ ስትሆን፣ ዛሬ ስለ ኮምፒውተር የማውቀውን ሁሉ ያወቅሁት እሷ የተማሪ ደንብ ልብስ እየሰፋች ባስተማረችኝ ትምህርት ነው። ግራ ዓይኗ ከጠፋ ቆይቷል። የቀኙ ብሌን እየሳሳና እየደበዘዘ በመሄዱ፣ ከዛሬ ሦስት ዓመት ከመንፈቅ በፊት በሆስፒታልዎ የንቅለ ተከላ ተራ ጠባቂዎች ዝርዝር ውስጥ ሦስት መቶ አሥራ ሁለተኛ ሆና ተመዘገበች። ሦስት ዓመት ጠብቃ ሰባተኛ ደረሰች። ሐኪሟም በስድስት ወር ውስጥ ከተሠራላት ዓይኗ እንደሚተርፍ፣ ከዚያ ካለፈ ግን ንቅለ ተከላውም እንደማይረዳት ነገራት። በዚያው ሳምንት መምሪያዎ እህቴን አዳናት። ምላጭ ሳይነካት፣ አልጋ ሳትይዝ፣ ከስፌት መኪናዋ ሳትነሳ፣ በአንዲት አዝራር «ታክመዋል» ተብላ ከዝርዝሩ ወጣች። ለዚህ ቀልጣፋ አገልግሎት ምስጋናዬን እያቀረብኩ፣ ቅሬታዎቼን በተራ ቁጥር እዘረዝራለሁ። ቁጥሮቹን በእጄ የጻፍኳቸው በመሆኑ፣ እርስዎ በማንበብ ላይ ሳሉ እንደማይለዋወጡብዎ አረጋግጣለሁ።

1ኛ. ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ እንዲሉ፣ ከሥሩ ልጀምር። በገጽዎ ላይ እያንዳንዱ ታማሚ አንድ ረድፍ አለው፤ በረድፉ ጫፍም «ታክመዋል» የምትል አረንጓዴ አዝራር አለች። ገጹ በተከፈተ ቁጥር፣ በጃቫስክሪፕት የተጻፈች አጭር ትእዛዝ ከላይ ወደ ታች እየቆጠረች ለየረድፉ መለያ ትሰጣለች፤ ረድፍ አንድ፣ ረድፍ ሁለት፣ ረድፍ ሦስት እያለች እስከ መጨረሻው። ገጹ ሲከፈት በዚህ መንገድ መለያ መስጠት በራሱ ነውር የለውም፤ የሙያው ሰዎች ሁላችንም በየቀኑ የምናደርገው ነው። የእናንተን ትእዛዝ ልዩ የሚያደርጋት፣ መለያውን ከሰውየው ሳይሆን ሰውየው ከቆመበት ቦታ መውሰዷ ነው። አዝራሯም ስትጫን ለዋናው መዝገብ የምትልከው የታማሚውን ስም ወይም የካርድ ቁጥር ሳይሆን ያንኑ የቦታ ቁጥር ብቻ ነው፤ መዝገቡም ቁጥሩን ሲቀበል በዚያች ደቂቃ በዚያ ቦታ ላይ ያገኘውን ሰው ይወስዳል። እያንዳንዱ ታማሚ ከተመዘገበበት ቀን ጀምሮ እስኪሞት የማይለወጥ የካርድ ቁጥር እንዳለው፣ ቁጥሩም በዚያው ረድፍ ላይ ከስሙ አጠገብ ተጽፎ እንደሚታይ ሳስብ፣ የመምሪያዎን ጨዋነት አደንቃለሁ። የሰው ንብረት አይነኩም።

ይህንን የምናገረው ከደሙ ንጹሕ ነኝ ብዬ አይደለም። እኔም ጀማሪ ሳለሁ ለአንድ ጫማ ሻጭ ይህንኑ ስህተት የያዘ ገጽ ሠርቼ፣ አንዲት ደንበኛ የልጇን ሰንደል ከግዢዋ ልትሰርዝ ስትል የባሏን ቡት ሰረዘች። ጫማ ሻጩ ደውሎ እናቴን ከመቃብር እየጠራ ሰደበኝ፤ እኔም ከሰዓት በፊት አስተካከልኩት። አንዲት መስመር ነበረች። እናንተ ጋ ያለችውም አንዲት መስመር ናት። ልዩነቱ የእናንተ ደንበኞች እንደ ጫማ ሻጩ መሳደብ የማይችሉ መሆናቸው ይመስለኛል።

2ኛ. የመስኮት ሠራተኞችዎ ገጹን ጠዋት አንድ ጊዜ ከፍተው እስከ ሥራ መውጫ ድረስ የማያድሱት መሆኑ። በዚህ ልወቅሳቸው አልችልም፤ አንድ ጊዜ ለማደስ ሩብ ሰዓት ስለሚፈጅ፣ ሕዝቡ ደግሞ አንድ እግሩ በሽቦ የታሰረ አግዳሚ ወንበር ላይ ተጨናንቆ ስለሚጠብቅ፣ አለማደስ በመሥሪያ ቤቱ እንደ ደንብ ተይዟል። አዲስ ሠራተኛ ሲቀጠርም መጀመሪያ የሚነገረው እንዳትነካው መባል ነው። እህቴ ከዝርዝሩ በወጣችበት ዕለት ረፋዱ ላይ፣ በዝርዝሩ ሁለተኛ የነበሩ አንድ አዛውንት ማረፋቸውን ልጃቸው መጥቶ ስለተናገረ፣ የሁለተኛው መስኮት ሠራተኛ ከዝርዝሩ አወጧቸው፤ ነፍሳቸውን ይማር። ከእሳቸው በታች ያለው ሁሉ አንድ አንድ ቦታ ከፍ ሲል፣ ስድስተኛ የነበረው የጭነት መኪና ሾፌር አምስተኛ፣ ሰባተኛ የነበረችው እህቴ ስድስተኛ ሆኑ። በአንደኛው መስኮት ያለችው ሠራተኛ ፊት ያለው ገጽ ግን ጠዋት የተከፈተው ነበር። ሾፌሩ በዋዜማው ተሠርቶለት ስለነበር፣ ትጉህ ሠራተኛ ናትና በስሙ ትይዩ ያለውን አዝራር ተጫነች፤ አዝራሩም «ስድስት» ብሎ ላከ። እህቴ የዳነችው እንግዲህ እንዲህ ነው።

ሠራተኛዋን እንዳይቀጧት እለምናለሁ። የተጫነችው በትክክለኛው ስም አጠገብ ነው። ነገሩን ያስረዳኋት ቀን አልቅሳለች፤ ከሆስፒታሉ በሙሉ እስካሁን ይቅርታ ያለችን እሷ ብቻ ናት።

3ኛ. ሾፌሩ። ሰውየው ዓይኑ በርቶለት መኪናውን መንዳት ቢጀምርም፣ በመዝገብዎ ገና ያልታከመ ስለሆነ ለንቅለ ተከላ ሦስት ጊዜ ተጠርቷል። ሲጠራ ቀርቶ አያውቅም፤ ጭነቱን አቁሞ ይመጣና «እኔ እኮ አይቻለሁ፣ ስንት ጊዜ ልታሳዩኝ ነው?» ይላቸዋል። ለሦስተኛ ጊዜ በተጠራበት ቀን እዚያው መስኮት ላይ ተገናኘን፤ ማን እንደሆንኩ ሲነገረው ኮፍያውን አውልቆ ቆመ። እህቴ ግን ታሪኩን ስነግራት እሰይ፣ እንኳን የሱ በራ አለች፤ ውሸቷን አልነበረም።

4ኛ. ይህኛው ስለ እርስዎ ወንበር ነበር። ረቂቁን ሳነብላት እህቴ ነውር ነው ብላ አስወጣችው። ክቡርነትዎ እንደሚያስተውሉት፣ አራተኛው ወጥቶ አምስተኛው አምስተኛ እንደሆነ ቀርቷል። ሊደረግ የሚችል ነገር ነው።

5ኛ. ቅሬታ ማቅረቢያው። እግሬ እስኪቀጥን ተመላልሼ የተሰጠኝ መልስ ቅሬታዬን በገጹ ላይ እንድሞላ ነበር። ቅጹ ደግሞ ቅሬታ የቀረበበት ረድፍ ካልተመረጠ አልቀበልም ይላል፤ እህቴ ከዝርዝሩ ስለወጣች ረድፍ የላትም። ከመምሪያዎ አንድ ባለሙያ፣ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው፣ ነገሩ የተፈጸመው ስድስተኛው ረድፍ ላይ ስለሆነ ስድስትን ምረጥ አሉኝ። ክቡር ሆይ፣ ገጽ መሥራት ሙያዬ ነው፤ ምን ሊሆን እንደሚችል ከማንም በፊት ማወቅ የነበረብኝ እኔ ነበርኩ። ነገር ግን ተስፋ የቆረጠ ሰው የተሰጠውን ይጫናልና ተጫንኩ። በዚያን ጊዜ ስድስተኛው ረድፍ ላይ የነበሩት አንዲት ዳቦ ጋጋሪ ናቸው። ስማቸው አጠገብ «ክርክር ያለበት» የሚል ቀይ ምልክት ተለጥፎባቸው፣ ጉዳዩ እስኪጣራ ተራቸው ታገደ። ስልኬን ከቅሬታው ላይ አግኝተው ደወሉልኝና፣ «ልጄ፣ አላውቅህ አታውቀኝ፣ ምን በድዬህ ነው የከሰስከኝ?» አሉኝ። ሦስት ቀን መስኮት ላይ ቆሜ ምልክቱ እንዲነሳላቸው ለመንኩ። ተነስቷል ተባልኩ። ከማን ላይ እንደተነሳ ለመጠየቅ ግን ድፍረቱን አጣሁ። እኚህ ሴት ተሠርቶላቸው ይሁን፣ ወይስ በእኔ ጣት ተራቸውን አጥተው ይቅሩ እስከ ዛሬ አላውቅም፤ የምተኛው ይህንን እያሰብኩ ነው።

6ኛ. በደብዳቤ የሰጡኝ መልስ። የሚስተካከለውን መስመር፣ ከመስተካከሉ በፊትና በኋላ ምን እንደሚመስል በአንዲት ወረቀት ጽፌ፣ ያለ ምንም ክፍያ በእጅዎ እንዲደርስ አድርጌ ነበር። ከሁለት ወር በኋላ በማኅተም የመጣልኝ መልስ፣ ሥርዓቱ መለያዎችን ያለ ሰው እጅ በራሱ የሚሞላ በመሆኑ ሊሳሳት እንደማይችል፣ የቀረበው ሐሳብ ግን ለሚቀጥለው የማሻሻያ ዕቅድ በግብዓትነት መያዙን ያስረዳል። አልሸሹም ዞር አሉ። ደብዳቤውን ለእህቴ አነበብኩላት፤ ወረቀቱ ጥሩ መሆኑን በጣቶቿ ዳስሳ መሰከረች።

ክቡር ሆይ፣ ስድስቱ ወር ባለፈው ማክሰኞ ሞልቷል። ሐኪሟ ዓይኗን በትንሿ መብራት ካየ በኋላ ወንበሩን አዙሮ ለእኔ ነበር የተናገረው፤ ለእሷ መናገር ስላቃተው። ስለዚህ ይህ ደብዳቤ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንደሚባለው ነው፤ እኔም አውቀዋለሁ። እህቴ አሁን ጨርቁን በጣቷ እየዳሰሰች ቀጥ ያለ ስፌት ብቻ ትሰፋለች። በቀደም የራሷን እጅጌ ከደንበኛ ሱሪ ጋር አያይዛ ሰፍታው፣ ልትነሳ ስትል ሱሪው አብሯት ተነሳ። እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች። እኔ መቀስ አምጥቼ እየፈታሁላት መሳቅ አልቻልኩም።

የልብስ ሰፊዎች ማኅበር ማየት ለተሳናቸው አባላቱ የሚሰጠው ድጋፍ አለ፤ የሚጠይቀውም አንዲት የሆስፒታል ማስረጃ ነው። መዝገብ ቤትዎ ማስረጃውን ሳይውል ሳያድር አትሞ ሰጠን፤ እህቴ በተሳካ ሁኔታ መታከሟን ይገልጻል። አዲስ ዓይን አልጠይቅዎትም፤ ጊዜው አልፏል። የምጠይቀው «ታክመዋል» የሚለው ቃል ከስሟ አጠገብ እንዲነሳላት፣ ዓይነ ስውር መሆኗን ቢያንስ እንድታምኑላት ነው። ይህም እንደማይሆን አውቃለሁ፤ ለማንሳት መጀመሪያ ረድፏ መገኘት አለበት ትላላችሁና።

ለመምሪያዎ የማይቆራረጥ መስመር፣ ለገጽዎ ረጅም ዕድሜ፣ ለእርስዎም ሰው ከሥር ቢወጣም ቢገባም የማይነቃነቅ ወንበር እየተመኘሁ፣ እስካሁን በየትኛውም ዝርዝራችሁ ውስጥ ባለመግባቴ ብቻ ጤነኛ የሆንኩት፣

ታዛዥዎ፣
የልብስ ሰፊዋ ታናሽ ወንድም

ማሳሰቢያ፦ ይህንን ደብዳቤ ልልክ ስል በእህቴ ስልክ ከመምሪያዎ መልእክት ገባ። ከንቅለ ተከላው በኋላ ያለውን ውጤት ለዓመታዊ ሪፖርት ስለምትሰበስቡ፣ ይህንን ጽሑፍ በግልጽ ማንበብ የማይችሉ ታካሚዎች በሦስት ቀን ውስጥ ከታች ያለውን አዝራር ተጭነው እንዲያሳውቁ፣ ያላሳወቁት ሁሉ በደንብ እንደሚያዩ እንደሚቆጠር ይገልጻል። አነበብኩላት። ጣቴ አዝራሩ ላይ ሳለ እጄን ይዛ፣ «ተወው፤ የማንን ዓይን እንደምናጠፋ በምን እናውቃለን?» አለችኝ። ሦስቱ ቀን ትናንት አልፏል፤ እንኳን ደስ ያለዎት።