በሙሉ ድምፅ ሠላሳ ጠብታ

ሐምሌ 9 ቀን 1976፣ ሰኞ

ዝናብ። ከዊንጌት እስከ መሥሪያ ቤት ጭቃ ሳቦካ... ግማሹን ጉለሌ በጫማዬ ይዤ ገባሁ።

ሰኞ የገንዳው ቀን ነው። ክፍላችን የሚያጠናው እንቅርትን ነው፤ የእኔ ሥራ ከየገጠሩ በሚመጣ ጨው ውስጥ አዮዲን መፈለግ። አብዛኛውን ጊዜ አላገኘውም። የክፍሉ ኃላፊ ጋሼ ዓምሃ ግን አምና ከምጽዋ ቀይ ባሕርን በበርሜል አስጭነው መጡ። የመስተዋት ገንዳ፣ አራት ዓሣ፣ ድንጋይ... ድንጋዩ ላይ አበባ የሚመስል እንስሳ፣ ኮራል። ትናንሽ እጆች አሉት። ሲከፍታቸው፣ ሲዘጋቸው ይውላል። ለምን? “መጽሐፉም አያውቅም” አሉኝ ጋሼ ዓምሃ፣ ደስ ብሏቸው።

ጥቂት አዮዲን ይፈልጋል። ቢጫው መፈተሻ ፈሳሽ ላይ የገንዳውን ውሃ እጨምራለሁ። ቢጫው ቶሎ ከጠፋ አዮዲኑ በዝቷል፤ ከዘገየ አንሷል። ዛሬ ዘገየ። ሦስት ጠብታ።

“ሳትለኪ እንዳትጨምሪ ጽጌ፤ ከበዛበት ይሞታል።” በየሰኞው ይሉኛል፣ አዲስ ወሬ እንደሚነግሩኝ ሁሉ።

ሐምሌ 14፣ ቅዳሜ

የመሥሪያ ቤታችን ካድሬ ጓድ መሸሻ ዛሬ ገንዳውን አየ። ዓመቱን ሙሉ በአጠገቡ ሲያልፍ አላየውም ነበር።

“ምንድን ነው የሚያደርገው?”

“እጁን ይከፍታል፣ ይዘጋል” አሉ ጋሼ ዓምሃ።

“ያጨበጭባል እንጂ።”

ለአብዮቱ አሥረኛ ዓመት እንግዶች ሲመጡ ኮራሉ መግቢያው ላይ ሆኖ ሊያጨበጭብ ነው። ስምም ወጣለት፤ “የቀይ ባሕር ደጋፊያችን”። እንግዲህ የሥራ ባልደረባ ሆነን። ከብዙዎቻችን ይሻላል፤ እሱ ቢያንስ ሳይታይም ያጨበጭባል።

ሐምሌ 26፣ ሐሙስ

መብራት ሦስት ቀን ጠፍቶ ገንዳው ቀዘቀዘ። ኮራሉ እጁን አዘገየ። ጋሼ ዓምሃ “በርዶት ነው፤ ውሃውን እናሙቅለት” አሉ። ጓድ መሸሻ ስብሰባ ጠራ። አጀንዳ፦ የኮራሉ የጭብጨባ ስሜት መቀዝቀዝ።

“አዮዲን ሲሰጠው ይነቃል ብላችሁ አልነበር?”

“ተለክቶ ነው እንጂ ጓድ፣ ከሦስት ጠብታ...” ጋሼ ዓምሃ አልጨረሱም።

“ሌላው ክፍል ዕቅዱን በእጥፍ ይፈጽማል፤ ይኼ ክፍል ሦስት ጠብታ ላይ ቆሟል። ሠላሳ። በየቀኑ።”

“መለኪያው አይፈቅድም” አልኩ።

“መለኪያው የማን ነው? የሰፊው ሕዝብ። እንግዲያው ሕዝቡ ይወስን። የሚደግፍ?”

ታይፒስቷ የዓለምወርቅ ጎኔን ቆነጠጠችኝ። “አንቺ ሴትዮ፣ እጅሽን! አብረን ነው የተቀመጥነው፤ ልጆች አሉኝ።” እጄ ወጣ። የጋሼ ዓምሃም ወጣ... ቀስ ብሎ፣ እንደበረደው ኮራል።

በሙሉ ድምፅ።

ነሐሴ 1፣ ማክሰኞ

የገንዳውን ውሃ ጠብ ከማድረጌ ቢጫው ድራሹ ጠፋ። ለጓድ መሸሻ አሳየሁት። “ጎበዝ፣ ፍጥነቱ ጨምሯል” አለኝ።

ነሐሴ 4፣ ዓርብ

ሞተ። እጆቹ ሟሙተው ድንጋዩ ላይ እንደ ንፍጥ ቀሩ። ዓሦቹም ተንሳፈፉ። ጋሼ ዓምሃ እጅጌያቸውን ሰብስበው አንድ በአንድ አወጧቸው። ቢሳደቡ ይሻለኝ ነበር።

አገር ሙሉ እንቅርት ያንቀዋል፤ እኛ አዮዲን ለጭብጨባ እናፈሳለን። እራት አልበላሁም። ንዴት ያጠግባል?

ነሐሴ 18፣ ዓርብ

አጀንዳ፦ ሻጥር። “ደጋፊያችንን ማን ገደለ?”

መልሱ ተዘጋጅቶ ነው የመጣው። ጋሼ ዓምሃ “በርዶት ነው” እያሉ ውሳኔውን አጥላልተዋል፤ ስለዚህ ለአብዮት ጥበቃ ተላልፈው ይሰጡ። የንብረት ክፍሉን ሠራተኛ ሸፊን አምና “ለአንድ ጥያቄ” ብለው ወሰዱት። ጥያቄው አላለቀም።

“ሠላሳ ጠብታ ያልነው ሁላችን ነን” አልኩ።

“ውሳኔው ትክክል ነበር። ችግሩ አፈጻጸሙ ላይ ነው” አለ ጓድ መሸሻ።

“የፈጸምኩት እኔ ነኝ። ጋሼ ዓምሃ ጠርሙሱን አልነኩም።”

“ጓድ ዓምሃ በይ።”

“ጋሼ ዓምሃ።”

ጠረጴዛውን መታ።

“የሚደግፍ?” አዳራሹ እጅ በእጅ ሆነ። የዓለምወርቅ ቆነጠጠችኝ። ደገመችኝ። እጄ ጭኔ ላይ ነው።

“ጓድ ጽጌረዳ፣ እጅሽን ረሳሽው?”

“አልረሳሁትም።”

“ተይ ጽጌ፣ እኔ አርጅቻለሁ” አሉ ጋሼ ዓምሃ፣ ለራሳቸው የሚያወሩ መስለው። አልተውኩም።

ሰውየው ተቸገረ። አንድ እጅ የጎደለው ውሳኔ ለበላይ አይላክም፤ ልኮም አያውቅም። “ሰኞ ከሰዓት በሙሉ ድምፅ እንጨርሰዋለን” አለ፣ እኔን እኔን እያየ።

ስወጣ ወደ ሽሮ ሜዳ ሄጄ ወፍራም ጋቢ ገዛሁ። “ለአባትሽ ነው?” አለኝ ሸማኔው። ለእኔ ነው አልኩት። መረቀኝ፤ ሠርግ መስሎት።

ነሐሴ 21፣ ሰኞ

ቶሎ ልጻፍ። ስብሰባው ሊጀመር ነው።

ጠዋት ሳላስበው ቢጫውን አዘጋጀሁ። ሰኞ ነዋ። የሚለካ ነገር የለም፤ ገንዳው ታጥቦ ተደፍቷል። ጋሼ ዓምሃ ጥግ ላይ ቁጭ ብለው ጋዜጣ ያነባሉ። ገጹን ሲገልጡ አላየሁም።

የዓለምወርቅ መጣች። የቆነጠጠችው ጎኔ ጠቁሯል፤ አሳየኋት። ትስቃለች ብዬ ነበር። ልጆቹን እህቷ ዘንድ አድርሳ መምጣቷን ነገረችኝ። ቦርሳዋ አብጧል፣ አልዘጋ ብሏል።

“ምን ሞልተሽበት ነው?”

“ጋቢዬን” አለች። “እዚያ ወለሉ ሲሚንቶ ነው አሉ።”