ታይፒስቶች አይደለንም፣ ክቡር ሆይ

ለክቡር አቶ አምሀ
የጀምበር ሕዝብ ንባብ ቤት ኃላፊ
ቡታጅራ

ቁጥር፦ መዝገብ ቤት ስለሌለን ቁጥር የለውም

ጉዳዩ፦ የጸሐፊዎች ስብስብ አባል መሆን ያለውን ጥቅም በዝርዝር እንድናቀርብ መታዘዛችንን ይመለከታል

ክቡር ሆይ፣ ይህ ደብዳቤ እርስዎንም፣ መላ ቤተሰብዎንም፣ ከመሳቢያ መውጣት የማይወደውን ማኅተምዎንም በሙሉ ጤንነት እንዲያገኝ ከልብ እንመኛለን። በንባብ ቤቱ ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ የለጠፍነው ሦስት ቀን ቢሮዎ ተመላልሰን «ስብሰባ ላይ ናቸው» ስለተባልን እንጂ ከተማው ሁሉ እንዲያነበው ፈልገን አይደለም፤ ካነበበውም ግን አንቀየምም።

እንደሚያውቁት፣ ስምንት ሆነን ቅዳሜ ቅዳሜ ከዘጠኝ ሰዓት ጀምሮ በንባብ ቤቱ የኋላ ክፍል እየተገናኘን የጻፍነውን ልብወለድና ግጥም እርስ በርሳችን እናነባለን። ባለፈው ሰኞ የደረሰን ደብዳቤዎ ግን «የቡታጅራ ጸሐፊዎች ስብስብ» የሚለውን ስማችንን አይቶ የቢሮ ጸሐፊዎች አድርጎ ሾሞናል። ሳንፈተንና ሳንወዳደር ስለሰጡን የሥራ መደብ እናመሰግናለን። እንድንተይበው ከደብዳቤው ጋር የላኩልን ስልሳ ገጽ የእጅ ጽሑፍ ቃለ ጉባኤም ደርሶናል። የስብስቡ ጥቅም ተዘርዝሮ ቀርቦ እስኪጣራ ድረስ ክፍሉ ከመጪው ቅዳሜ ጀምሮ ዝግ እንደሚሆንም ተረድተናል። ስለዚህ ጥቅሙን እንደሚከተለው በትሕትና እናቀርባለን።

፩. ሰው የጻፈውን ለቤተሰቡ ሲያነብ ይመሰገናል፤ ለእኛ ሲያነብ ይታረማል። የባጃጅ አሽከርካሪው ናጃህ የፍቅር ታሪኩን ለእናቱ ባነበበላቸው ጊዜ አልቅሰው መርቀውታል። እኛ ግን በገጽ አራት የሞተችው ልጅ በገጽ ዘጠኝ እንዴት ገበያ እንደወጣች ጠየቅነው። በደንባችን መሠረት፣ ጽሑፉን ያነበበው ሰው ሌሎቹ ሁሉ አስተያየት ሰጥተው እስኪጨርሱ ድረስ አፉን መክፈት አይፈቀድለትም። ይህ ደንብ በሌሎች ስብሰባዎችም ቢሠራበት ስንት ሰዓት ይተርፍ እንደነበር ክቡርነትዎ ከእኛ ይበልጥ ያውቁታል።

፪. አባሉ ግልጽ አድርጎ መጻፍ ይማራል። የእርስዎን ደብዳቤም እንደማንኛውም ጽሑፍ አንብበን ተወያይተንበታል። የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ሰባ አንድ ቃል አለው፤ ባለቤቱን ብንፈልገው አጣነው። ክፍሉ «እንዲዘጋ የተወሰነ መሆኑ» ተጽፏል፣ ማን እንደወሰነ ግን አልተጻፈም። ናጃህ በበኩሉ በሩን የሚዘጋው ሰውዬ ፊቱ ቢታይ ታሪኩ የበለጠ ልብ ይሰቅል እንደነበር ሐሳብ ሰጥቷል።

፫. ይህን ቁጥር ስጽፍ ቀልዱ አልመጣልኝ ብሏልና ይቅርታ ያድርጉልኝ። አዛለች የምትባል አባል አለችን፤ ከእንሴኖ በሚኒባስ እየመጣች በርበሬ ትሸጣለች። በቤቷ የሚነገረው ጉራጊኛ ነው፣ አማርኛን የለመደችው በገበያ ነው። ለሥራ ብሎ ወጥቶ ስላልተመለሰው ወንድሟ አንድ ታሪክ መጻፍ ከጀመረች ሦስት ዓመት ሆናት። መጀመሪያ ላይ አማርኛዋ እንዳይሳቅበት ፈርታ ወረቀቱን ናጃህ ነበር የሚያነብላት። አሁን ራሷ ታነባለች፤ የጉራጊኛ ቃል ጣል ስታደርግም ትርጉሙን እንጠይቃታለን እንጂ ቃሉን ከጽሑፏ አናወጣባትም። የመጨረሻውን ምዕራፍ ጨርሳ የምታነበው በመጪው ቅዳሜ ነው። ቤቷ ውስጥ ጮክ ብላ ልታነበው አትችልም፤ እናቷ ልጃቸውን ዛሬም ይመጣል ብለው ይጠብቃሉ። ከዚያ ክፍል ሌላ ቦታ የላትም። እርስዎ ይህን ሳያውቁ እንዲዘጋ እንዳደረጉ አምናለሁ፤ አውቀው ከሆነ ግን በጣም አዝናለሁ።

፬. ስብስቡ ለንባብ ቤቱም ይጠቅማል። ታይፒስቶች ባንሆንም ስልሳውን ገጽ ተራ ገብተን ተይበን ጨርሰናል። በስድስት የተለያዩ ስብሰባዎች ላይ «የኅብረተሰቡ የንባብ ባህል እንዲዳብር» በሙሉ ድምፅ መወሰኑንም ያወቅነው ያን ጊዜ ነው። ለካስ ቅዳሜ ቅዳሜ በኋላው ክፍል የእርስዎን ውሳኔ ሳናውቀው ስናስፈጽም ኖረናል። ለሠራነው ሥራ የምስጋና ወረቀት አንጠይቅም፤ ቁልፉ ይበቃናል።

እንግዲህ ለጤናዎ እየጸለይን፣ ለሥራ ብዛትዎ እያዘንን፣ በሩን ለሚከፍተው እጅዎም ያለንን የከበረ አድናቆት ከወዲሁ እየገለጽን፣ ከታላቅ አክብሮት ጋር እንሰናበታለን።

ይታገሱ ተካ
የቡታጅራ ጸሐፊዎች ስብስብ ጸሐፊ (በሁለቱም ትርጉም)

ማሳሰቢያ፦ ከላኩልን ቃለ ጉባኤ ውስጥ፣ በገጽ ሠላሳ ሰባትና ሠላሳ ስምንት መካከል፣ ስለ ሟች አባት መነጽር የተጻፈ የማን እንደሆነ ያልተገለጸ ግጥም አግኝተናል። የእጅ ጽሑፉ በቃለ ጉባኤው ኅዳግ ሁሉ «ይጣራ» እያለ ከሚጽፈው ሰው ጋር መመሳሰሉን ለማንም አንናገርም። የመጀመሪያዎቹ ሁለት አንጓዎች በእውነት አስለቅሰውናል። ሦስተኛው ላይ ግን ገጣሚው ናፍቆቱ «በአፋጣኝ ምላሽ እንዲሰጠው» ያሳስባል፤ እዚያ ላይ ቢሮ ገብቶበታል። መጥቶ ቢያነብልን በአንድ ከሰዓት በኋላ ይቃናለት ነበር፤ ምን ያደርጋል፣ ክፍሉ ከቅዳሜ ጀምሮ ዝግ ነው።