ሙሉቀን ሆይ፣ ችግኙን አልነቀልሁትም

ለኔው ለሙሉቀን፣

እንደምን ሰነበትህ ብዬ እንዳልጀምር አንተ ካለህበት ቦታ መልስ አይመጣም። እኔ ደህና ነኝ። ከተለየኸኝ አንድ ዓመት ከአስር ቀን ሆነ። እስከ ዛሬ ደብዳቤ ጽፌልህ የማላውቀው ተራርቀን ስለማናውቅ ነው። አንተ ወረታ ገበያ ውለህ ማታ ትመለሳለህ፣ እኔ እዚሁ ቁሐር ሚካኤል እጠብቅሃለሁ፤ በመሀል የሚጻፍ ነገር አልነበረም። አሁን ግን የምነግርህ በዛ። እስከ ስምንተኛ ክፍል መማሬ ለዚህ ሳይሆን አይቀርም።

መጀመሪያ የቤቱን ልንገርህ። ልጃችን ትርንጎ ዘንድሮ ዘጠነኛ ክፍል ገብታለች። ወረታ እህቴ ዘንድ ሆና ትማራለች፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ትመጣለች። ቁመቷ አንተን ሊያህል ነው። በነሐሴ የርብ ወንዝ ሞልቶ ውሃው እስከ ደጃፋችን ደርሶ ተመለሰ፤ ሩዙን ግን አልጎዳብንም። በሬያችን ቡሬ አርጅቷል። ሽጪው ያሉኝ ነበሩ፣ አልሸጥሁትም። አሁንም ድምፅህን የሰማ ይመስል በረቱ በር ላይ ቆሞ ያዳምጣል።

ዋናው ወሬዬ ግን የትምባሆው ነው።

አንተ ትምባሆ በአፍህ አስገብተህ አታውቅም። ይህን ከኔ በላይ የሚያውቅ የለም፤ አስራ ሰባት ዓመት ባንድ መደብ ተኝተናል። ከጓሮ አምስት ስድስት እግር የምትተክለው ለአልቅት ነበር። ጎርፉ ሲሸሽ ከብቱ ከተኛው ውሃ ይጠጣል፣ አልቅቱ ባፍንጫው ይገባና ደሙን ይመጠዋል። አንተ የደረቀውን ቅጠል ዘፍዝፈህ፣ ጨምቀህ፣ ባፍንጫው ታፈስለትና አልቅቱ ይወድቃል። የመንደሩ ሰው በጓሮ በር መጥቶ መድኃኒቱን ይወስድ ነበር፤ ከፊት ለፊት ግን «ትምባሆ ተካዩ» ይልሃል። አንተ ትስቅ ነበር። እኔ አልሳቅሁም። እውነቱን ልንገርህ፣ አፍሬብህ ነበር። አንድ ጊዜ ማኅበርተኞቼ ሊመጡ ሲሉ ቅጠሉን ከጣራው ሥር አውርደህ ደብቀው ብዬህ ቃል ሳትናገር አውርደህ ደበቅኸው። ያን ቀን ሳስብ ዛሬም ፊቴን ያቃጥለኛል።

ባሕር ዳር ሐኪሙ ሕመምህን ጉበት ነው ያለውን አብረን ሰምተናል። አንተ እንዳለፍህ ግን ገና በድንኳኑ ውስጥ ወሬው ተነሣ። የተረገመ ቅጠል በጓሮው አሳድጎ ነው፣ ተደብቆ ሲያጨስ ኖሮ ነው ተባለ። በአርባህ ወንድምህ አያ ደሴ ዶማ ይዞ ጓሮ ገባ። የቀረውን እግር ሁሉ ነቀለ፣ ከጣራው ሥር የሰቀልኸውንም ቅጠል አወረደና ሰው በተሰበሰበበት ደጃፍ ላይ አቃጠለው። «ወንድሜን የገደለው ይኼ ነው» አለ። እኔ ከል ለብሼ ከሴቶቹ መሀል ተቀምጫለሁ። ጭሱ ወደኔ መጣና አይኔን ጠረግሁ፤ ሰው ሁሉ አለቀሰች አለ።

ዘሩን ግን አላገኘውም። በጨርቅ ቋጥረህ ሳጥኑ ውስጥ፣ ከሠርግ ቀሚሴ ሥር ያኖርኸውን እኔም ረስቼው ነበር። ከፋሲካ በኋላ ልብስ ሳናፍስ ከእጄ ገባ። ፈትቼ አየሁት፤ ብናኝ ነው፣ ብተነፍስበት ይበርራል። ተቀምጬ ብዙ አሰብሁ። ብተክለው ምን እንደሚሉኝ አውቃለሁ። ብተወው ደግሞ አያ ደሴ ያለው እውነት ሆኖ ይቀራል። ተነሣሁና የተሰበረውን ጋን ግማሹን አፈር ሞላሁት።

አንተ ስትሠራ ቆሜ ያየሁ መስሎኝ ነበር፣ ለካ አላየሁም። መጀመሪያ ቀን በጣሳ ውሃ ባፈስበት ዘሩ ሁሉ ታጥቦ ባንድ ጥግ ተከመረ። እንደገና አፈሩን ነፍቼ፣ ዘሩን ካመድ ጋር ቀላቅዬ ዘራሁ። ያን ጊዜ አንተ ጭብጥ ጭድ ውሃ ውስጥ እየነከርህ ስታራግፍ ትዝ አለኝ። እንደሱ አደረግሁ፣ ጧት ከፀሐይ በፊት፣ ማታም ሲበርድ። ባስረኛው ቀን አፈሩ ላይ አረንጓዴ ነጠብጣብ አየሁ። እስክቀርበው ሻጋታ መስሎኝ ነበር። ከፍ ሲል ደግሞ ጋኑን ውሃ ያለበት ሳፋ ውስጥ አስቀመጥሁት፤ ከሥር በተሰነጠቀው በኩል ራሱ እንዲጠጣ። ዶሮ እንዳይጭረው ዙሪያውን እሾህ አጠርሁ።

አራት ቅጠል ሲያወጣ መገርጣት ጀመረ። ርቦታል ብዬ ለሩዙ ከተረፈው ዩሪያ አንድ እፍኝ በተንሁበት። በሦስተኛው ቀን የቅጠሉ ጠርዝ እሳት እንደነካው ሆነ፣ ግማሹ ሞተ። አጠገቡ ተቀምጬ አንተን ተቆጣሁህ። ይህን ሁሉ እያወቅህ ሳትነግረኝ ለምን ሄድህ አልሁህ። ቁጣዬ ሲበርድ ትዝ ያለኝ ያ ባልዲ ነው፤ ይሸታል እያልሁ ከበረት ወዲያ የምጥልብህ። እበት ዘፍዝፈህ አራት ቀን ትከድነው ነበር። እኔም ዘፈዘፍሁ። አጥልዬ፣ ባንዱ ኩባያ ላይ አስር ኩባያ ውሃ ጨምሬ፣ እንደቀጠነ ሻይ ሲሆንልኝ መጀመሪያ ንጹሕ ውሃ አጠጥቼ ከዚያ ከሥሩ አፈሰስሁለት። ቅጠሉን አላስነካሁም። በሳምንት አንድ ጊዜ ብቻ። በሁለተኛው ሳምንት ቅጠሉ መልሶ ጥቁር አረንጓዴ ሆነ። አስራ ስምንት እግር ተረፈ።

በግንቦት አያ ደሴ ሊጠይቀን መጥቶ ጋኑን አየው። መጀመሪያ በደህና ነገር ነበር የጀመረው። ባሏ የሞተባት ሴት ትምባሆ ስታሳድግ ሰው ምን ይላል፣ ለትርንጎስ አታስቢም ወይ፣ ነገ ማን ያገባታል አለኝ። ይህን ብሎ እጁን ወደ ጋኑ ሰደደ።

«ጓሮው የኔ ነው» አልሁት። «መንቀል ካማረህ መጀመሪያ እኔን ንቀል።»

እኔ ይህን ለታላቅ ወንድምህ ስናገር ታስበኛለህ? እርስዎ ከማለት ወርጄ አላውቅም ነበር፤ ያን ቀን ግን አንተ አልሁት። ትቶኝ ወጣ። ከዚያ ወዲህ ሰላም ማለት ተወ፣ ሴቶቹም ውሃ ስንቀዳ ጎኔ አይቆሙም። ያም ሆኖ ጧት ጧት ጭዴን ነክሬ አራገፍሁ።

ለነፍስ አባታችን ራሴ ሄጄ ነገርኋቸው። በዚህ ቤት የሚያጨስ አለ ወይ አሉኝ። ኖሮም አያውቅ አልኋቸው። ሰው እንዳያጨስ እንከለክላለን እንጂ ስለ ላም አፍንጫ ያነበብሁት የለም አሉ። ለሚያጨስ ሰው አንዲት ቅጠል እንዳልሰጥ አስጠነቀቁኝ። እሺ ብዬ ወጣሁ። በሰኔ ውሃውን ለሳምንት ቀነስሁበት፣ ግንዱ ጠንከር ሲል ከጓሮው ከፍታ ላይ አዛወርሁት። አስራ ስምንቱም ያዘ።

በኅዳር የአያ ደሴ ላም ባፍንጫዋ ደም ማንጠባጠብ ጀመረች። በጣቱ ሊያወጣው ሞክሮ አልሆነለትም። ሚስቱ ጠጂቱ በምሽት በጓሮ በር መጣችና ትንሽ ቅጠል ስጪኝ፣ በነጠላዬ ሸፍኜ እወስደዋለሁ አለችኝ። አዘንሁላት። ግን አልሰጠኋትም። ላሚቱን ይዞ ራሱ ይምጣ፣ በፊት ለፊቱ በር ይምጣ ብዬ መለስኋት።

በማግስቱ የኅዳር ሚካኤል ነበር። ሕዝቡ ለንግሥ በደጃችን ሲያልፍ አያ ደሴ ላሚቱን በገመድ እየሳበ መጣ። ላሚቱ ምን በደለች ብዬ አላስቆምሁትም። እሱ ቀንዷን ይዞ ቀና አደረጋት፣ እኔ የተዘፈዘፈውን በነጠላ አጥልዬ አፈሰስሁ። አንዴ አነጠሰች። ሁለተኛ አፈሰስሁ። በሦስተኛው አውራ ጣት የሚያህል አልቅት ከእግሬ ሥር ወደቀ። መንገደኛው ቆሞ ያያል።

አያ ደሴ የላሚቱን አፍንጫ በጋቢው ጫፍ ጠረገ። ቀና ሳይል፣ «ሙሉቀን እንዳላጨሰ አውቅ ነበር» አለኝ።

ይህን ስሰማ ካቃጠለው ቀን የበለጠ ነደድሁ። ታዲያ ለምን አልሁት። የሰው አፍ ፈራሁ፣ ነቅዬ ባሳያቸው ወሬው የሚቆም መስሎኝ ነው አለ። እኔም በሰው ፊት ያቃጠልኸውን በሰው ፊት መልስ፣ ሙት ዓመቱ ቅርብ ነው አልሁት። ላሚቱን ይዞ ሄደ።

ሙት ዓመትህ አስር ቀን አለፈው። ሰው ሞላ፣ ጸሎቱ ተደረገ፣ አያ ደሴ አንገቱን ደፍቶ ተቀምጧል። ጠበቅሁት። ማዕድ ሊቀርብ ሲል ግን ከሴቶቹ መሀል ተነሣሁ። ትርንጎ ቀሚሴን ይዛ ሳበችኝ፤ ለቀቅ አድርጊኝ አልኋት።

«ባሌ ትምባሆ አላጨሰም» አልሁ። «የሞተው በጉበት ነው። የተከለው ለእናንተ ከብት ነው፣ እዚህ ካላችሁት ላሙን ያላዳነለት ጥቂት ነው። አሁን የምተክለው እኔ ነኝ። የሚናገር ካለ ለኔ ይናገር።»

ድምፄ ተንቀጥቅጧል፣ አልደብቅህም። ግን እስከ መጨረሻው ተናገርሁት። ኋላ አያ ደሴ ተነሣና ጋቢውን አስተካከለ። «እውነቷን ነው። ወንድሜን ያማሁት እኔ ነኝ» ብሎ ተቀመጠ። አይኑ ውሃ ሞልቶ ነበር።

ካያ ደሴ ጋር ገና አልታረቅንም፣ ሰላም እንባባላለን። ቂሜን ባንድ ቀን መጣል አልቻልሁም፤ አንተ ብትሆን ትችል ነበር። ባለፈው ሳምንት ሁለት ሴቶች በፊት ለፊቱ በር መጥተው ለሚያዝያ ዘር ያዥልን ብለዋል። ዩሪያ እንዳታስነኩት ብዬ አስጠንቅቄያቸዋለሁ።

ከሉን ለፋሲካ አወልቃለሁ፤ ትርንጎ ጥቁር ማየት ሰልችቷታል። አወለቀች ብለው ረሳችው ይሉ ይሆናል፣ ይበሉ። እኔ ግን ቃሌ ይህ ነው፤ ስምህን ድምፄን ዝቅ አድርጌ አልጠራውም፣ በፊቴም ማንም ዝቅ አድርጎ አይጠራውም።

እናኑህ