የስሜነሽ ድንች

የካቲት 11
ሱቅ ዋልኩ። የተማሪ ዩኒፎርም ጨረስኩ፣ የአንድ ዲያቆን ቀሚስ አሳጠርኩ። ቤት ስገባ የሚበላ የለም። ረስቼው... ስሜነሽ ሞጣ ናት። ልጃችን ሰርካለም ከወለደች ጀምሮ እሷ ዘንድ ነች። የልጁ ክርስትና እንኳ አልፏል፣ ሄጄ በልቼ መርቄ ተመልሻለሁ። ያን ቀን ስትሸኘኝ «ትንሽ ልቆይላት» አለች። ትንሽ ማለት ስንት ነው? አልጠየቅኩም።
ሽሮ ሠራሁ። አረረ።

የካቲት 15
ደወልኩላት። ከጀርባዋ የሰው ጫጫታ ይሰማል።
«የት ነሽ?»
«እዚሁ ነኝ።»
«ምንድን ነው የሚንጫጫው?»
«ሰው ነው። እጄ ዘይት ነክቷል፣ ቆይቼ ልደውል።»
አልደወለችም። እጇ ዘይት የነካው ምን ስትሠራ ነው? ሕፃኑን ስታሽ ይሆናል። ጫጫታውስ?

የካቲት 19
ደምለው ሱሪ ሊያሳጥር መጣ። ከዚህ ከቢቸና ሞጣ የሚመላለሰው የሚኒባስ ሹፌር ነው። ተንበርክኬ እየለካሁት፣
«ጋሼ ታዘበው፣ የእትዬ ስሜነሽ ድንች ግን ለጉድ ነው» አለኝ።
«የምን ድንች?»
«መናኸሪያው አጠገብ የሚሸጡት ነዋ። ከነልጣጩ የሚበላው።»
እስፒሉን በጥርሴ ይዤ ነበር። አለማወቄ ገባው መሰለኝ ወሬውን ወደ መንገዱ አዞረ። አንዱን እግር ከሌላው አሳጥሬ ቆረጥኩት። ስንት ዘመን ስሠራ እንዲህ አድርጌ አላውቅም።
ሚስቴ ድንች ትሸጣለች... ደግሞ ከነልጣጩ? እኔ ቤት ልጣ፣ ከትፋ፣ ወጥ ነው የምትሠራው።

የካቲት 20
ሰርካለም ጋ ደወልኩ። እናትሽ ምን እየሠራች ነው አልኳት።
«አባዬ፣ እሷ ራሷ ትንገርህ።»
«ተቸግራችኋል?»
«አልተቸገርንም።»
«ከባልሽ ጋር ተጣልታ ነው?»
«ኧረ እነሱስ ፍቅር ናቸው።»
«ታዲያ ምንድን ነው?»
«ምንም። ድንች ትጋግራለች፣ በቃ።»
ትጋግራለች ነው ያለችው። ድንች ይጋገራል እንዴ?

የካቲት 24
ከገበያ ድንች ገዛሁ። ነገሩን በዓይኔ ልየው ብዬ። ፍም ውስጥ ቀበርኩት። ላዩ ከሰል ሆነ፣ መሐሉ ጥሬ።

የካቲት 26
ዛሬ ደግሞ በድስት። አጥቤ እንደረጠበ ከተትኩት፣ ክዳን ገጠምኩ። በስሏል፤ ልጣጩ ግን እንደ እርጥብ ጨርቅ ተልፈሰፈሰ። ውስጡም ጭቃ። ይህን ሊበላ ነው ሰው ከመኪና የሚወርደው?
ጎረቤቴ አስናቀች በአጥሩ በኩል ብቅ አለች። «ምን ይሸተኛል?» አለች።
«ድንች ነው።»
«ስሜነሽ መቼ ነው የምትመጣው?»
«በቅርቡ ትመጣለች።»
ማን ነገረኝና ነው በቅርቡ ያልኩት?

የካቲት 30
ራሷ ደወለች። የልጁን ድምፅ አሰማችኝ። ጾሙ እንዴት ይዞሃል አለች። ደህና አልኩ። ስለ ድንቹ አላነሳችም፣ እኔም አላነሳሁም። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ተናደድኩ። በማን እንደሆነ እንጃ።

መጋቢት 4
ልሄድ ልብሴን ለብሼ መናኸሪያ ደረስኩ። «ዛሬ መንገድ ዝግ ነው፣ አይኬድም» አለ ደምለው። እፎይ ማለቴ ነው ወይስ መከፋቴ? ሁለቱም መሰለኝ። ተመልሼ ሱቅ ከፈትኩ።

መጋቢት 8፣ ሞጣ
መንገዱ ተከፈተ፣ መጣሁ።
ከመኪና ስወርድ አየኋት፣ እሷ አላየችኝም። መናኸሪያው አጠገብ ያለ ዳቦ ቤት በረንዳ ላይ ቆማለች። የማላውቀው አረንጓዴ ሽርጥ ለብሳለች። እኔ ልብስ ሰፊ ሆኜ ሳለሁ ሽርጡን ሌላ ሰው ሰፍቶታል። ስፌቱም ጥሩ አይደለም። ሰው ከብቧታል። ትስቃለች... እንዲህ ስትስቅ መቼ ነው ያየኋት?
ከሰው ኋላ ተሰለፍኩ። ተራዬ ደረሰና ቀና ስትል ዓይን ለዓይን ተገጣጠምን። አልደነገጠችም። አንድ ድንች አነሳች፣ ላዩን በቢላ በመስቀል ቅርጽ ቀደደችው፣ ከግራና ከቀኝ ጫን ስታደርገው እንፋሎቱ ቦለል አለ። ጨው፣ ዘይት፣ የተከተፈ ቃሪያ ጣል አደረገችና «ቁጭ ብለህ ብላ» አለችኝ።
በላሁ። ልጣጩ ከጥርሴ ሥር ይንኮሻኮሻል። ውስጡ እንደ ተባዘተ ጥጥ ነጭ፣ ብትን የሚል። ልቆጣ ነበር አመጣጤ፣ በመሐሉ ጨረስኩት። አንድ ልጨምር ብዬ አፈርኩ።
ሰዉ ሲቀንስ አጠገቤ ተቀመጠች።
«ለምን አልነገርሽኝም?»
«ምክንያቱን ትጠይቀኛለህ ብዬ።»
«ምክንያቱ ምንድን ነው?»
«የለኝማ። ዳቦ ጋጋሪዋ ይርጋነሽ ዳቦዋን ካወጣች በኋላ ምድጃው እንደጋለ ነው የሚቆየው። ለሰርካለም ብዬ ድንች ከተትኩበት። ሰው ሸቶት ጠየቀኝ፣ ሰጠሁት። በማግስቱ ሌላ ሰው ይዞ መጣ። ደስ አለኝ።»
«ደስ አለሽ፣ ይኸው ነው?»
«ይኸው ነው።»
«ቢቸና ደስ አይልሽም ነበር?»
«ይለኝ ነበር።»
«ታዲያ?»
«እሱን እኔም አላውቀውም፣ ታዘበው።»
ብትዋሸኝ ይሻለኝ ነበር። ይህን ምን አድርጌ ልያዘው?

መጋቢት 9፣ ሞጣ
ጠዋት ዳቦ ቤቱ ወሰደችኝ። ይርጋነሽ የዳቦ ቤቱ ባለቤት ናት፣ ባሏ የሞተባት፣ ዝምተኛ ሴት። ስሜነሽ ድንቹን አጥባ እያንዳንዱን በጨርቅ ታደርቃለች። በሹካ ትወጋጋዋለች። በዘይትና በጨው ታሸዋለች። ከዚያ ምድጃው ውስጥ ባዶውን ፍርግርግ ላይ ትደረድረዋለች፣ ሳይሸፈን። በድስት ከድኜ መጋገሬን ነገርኳት።
«እርጥቡን ከድነህማ ቀቀልከው» አለች። ሳቀች። እኔም ሳቅሁ።
ከዚያ ሳላስበው «ትመለሻለሽ?» አልኩ።
ጨርቁን አስቀመጠች። «አንተስ ትቀራለህ?»
እንዲህ ብሎ የጠየቀኝ የለም። መኪናው ሊሄድ ነው አልኩና ወጣሁ።

መጋቢት 12
ቢቸና። ሥራ በዝቷል፣ ለፋሲካ ሁሉም ልብስ ያሰፋል። መስፋት እንጂ ማሰብ አልቻልኩም። ደንበኞቼስ? ቤቱስ? ባል ሚስቱን ተከትሎ ይሄዳል? ሚስትስ ባሏን ትታ ድንች... ትታኛለች ማለት ነው? ሁልጊዜ ትደውላለች እኮ።

መጋቢት 17
አስናቀች «ጥላው ሄደች ይላሉ» አለችኝ።
«ማን ነው የሚለው?»
«ሰው ነዋ።»
«አልጣለችኝም» አልኩ።
«ታዲያ ምንድን ነው?»
«ድንች ትጋግራለች» አልኩ። ሰርካለም ያለችኝን እኔም አልኩት። አስናቀች አልገባትም። እኔም በደንብ አልገባኝም።

መጋቢት 23
ደምለው በወረቀት የተጠቀለለ ነገር ይዞልኝ መጣ። ስሜነሽ የላከችው ድንች። ገና ከምድጃ እንደወጣ ነው የተቀበልኳቸው አለ። ስፈታው ቀዝቅዟል፣ ልጣጩ ተልፈስፍሷል፣ ውስጡ ተጣብቋል። ምጣድ ላይ አሞቅኩት፣ ያው ነው። የበላሁት ድንች አይደለም።
ይህ ነገር መንገድ አይችልም። እዚያው ካልተበላ አይሆንም።
ተቀምጬ በላሁት። ሳልጨርስ አለቀስኩ መሰለኝ... እንጃ፣ ቤቱ ጭር ብሎ ነው።

መጋቢት 29
የተቀበልኩትን ልብስ ሁሉ ጨርሼ መለስኩ። አዲስ አልቀበልም አልኩ። የት ልትሄድ ነው ይሉኛል። ሞጣ እላለሁ። ለስንት ጊዜ ሲሉኝ ልብሳቸውን አጥፌ እሰጣለሁ።

ሚያዝያ 2
የስፌት መኪናውን ከደምለው ሚኒባስ ላይ ጫንን። ደምለው ምንም አልጠየቀም። ቁልፉን ለአስናቀች ሰጠሁ። ስሜነሽ ጋ አልደወልኩም። ልምጣ ወይ ብሎ መጠየቅ አቃተኝ፣ ደርሼ መጣሁ ብል ይቀለኛል።

ሚያዝያ 14፣ ሞጣ
የመጣሁ ቀን የስፌት መኪናውን ስናወርድ ስሜነሽ አንዴ አየችና «ዝናብ እንዳይነካው ወደ ውስጥ አስገቡት» አለች። ሌላ አላለችም። ይርጋነሽ የበረንዳውን አንድ ጎን ለቀቀችልኝ።
ጾሙ ከተፈታ ወዲህ የድንች ሰው ቀንሷል። ስሜነሽ አሁን ቅቤ ትጨምርበታለች። ጠዋት ጠዋት ድንቹን የማደርቀው እኔ ነኝ። አንዳንዱን አሁንም እንደረጠበ ሳሳልፍ ትመልስልኛለች።
ዛሬ አንዲት መንገደኛ ቆማ እየበላች፣ ወደ እኔ በአገጯ እያመለከተች፣ «ባለቤትሽ ናቸው?» አለቻት።
«አዎ።»
«ሊጠይቁሽ መጥተው ነው?»
ስሜነሽ ሌላ ድንች እየቀደደች፣ ቀና ሳትል፣ «አይ፣ እዚህ ነው የምንኖረው» አለች።
እዚህ ነው የምንኖረው? እኔም የሰማሁት ያን ጊዜ ነው። የስፌት መኪናዬን አቁሜ እንድትደግመው ጠበቅኩ። አልደገመችውም። ሴትዮዋ ጨው ጨመረች፣ በላች፣ ሄደች።