ለክቡር ቁልፍ ያዥ፣ ስለ ወንድሜ ቀኝ ዓይን

ለተከበሩ የሆስፒታላችን ዋና ሥራ አስኪያጅ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬን በታላቅ ትሕትና አቀርባለሁ። ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? መቼም የሰው ጤና በሚጠበቅበት ቤት አናት ላይ የተቀመጠ ሰው ጤና ያጣል ብዬ አልሰጋም። ቢሆንም ወግ ነውና ሙሉ ጤና፣ ረጅም ዕድሜ፣ በተለይም ከፊት ለፊት ብቻ ሳይሆን ከግራም ከቀኝም አጥርቶ የሚያይ ዓይን እመኝልዎታለሁ። የመጨረሻውን ምኞት ለምን ነጥዬ እንደጠቀስኩ ከታች ይገባዎታል። ካልገባዎትም አይጨነቁ፤ ደብዳቤው ለሁሉም የተጻፈ ስለሆነ የገባቸው ሰዎች ያስረዱዎታል።

እኔ ጡረታ የወጣሁ የፍርድ ቤት ጸሐፊ ነኝ። ዕድሜ ልኬን የሰው አቤቱታ በታይፕ ስመታ ኖሬ የራሴን አንድም ቀን ጽፌ አላውቅም ነበር። ለዚህ ወግ ያበቁኝ እርስዎ ነዎትና በቅድሚያ አመሰግናለሁ።

ነገሩ የታናሽ ወንድሜ ነው። ወንድሜ ፀጉር አስተካካይ ነው፤ ከባልደረባው ጋር በሚሠራባት ጠባብ ሱቅ ውስጥ ሁለት ወንበርና ግድግዳውን የሞላ መስተዋት አለ። ደንበኞቹ «አስተኚው» ይሉታል፤ እጁ ከመቅለሉ የተነሣ ምላጩ አንገታቸው ላይ እያለ የሚያንኮራፉ ሰዎች ስላሉ ነው። ክቡር ሆይ፣ ሰው በምላጭ ሥር የሚተኛው ለሚያምነው ሰው ብቻ ነው። እምነት ምን እንደሆነ ለእርስዎ ማስረዳት ድፍረት እንዳይሆንብኝ እዚህ ላይ አቆማለሁ።

ይህ ወንድሜ አንድ ቀን ቀኝ ዓይኑ ደም መስሎ ተነሣ። ብርሃን እንደ መርፌ ይወጋው ጀመር። በሱቁ ውስጥ ጥቁር መነጽር አድርጎ ሲሠራ ደንበኞቹ «ምነው፣ ዘፋኝ ሆንክ እንዴ?» እያሉ ሳቁበት፤ እሱም አብሯቸው ሳቀ። በኋላ ግን የመስተዋቱ ነጸብራቅ አላስቆም አላስቀምጥ ሲለው ሥራውን ጥሎ ከእኔ ጋር ወደ ሆስፒታልዎ መጣ። እውነቱን ለመናገር፣ ያን ቀን በደንብ ታክሟል። ሆስፒታልዎን ሳመሰግን ከልቤ የሆነው በዚህ ደብዳቤ ውስጥ ይህ አንዱ ብቻ ስለሆነ፣ እባክዎ ሳያልፍብዎ ያጣጥሙት።

የተቀበለችን ወጣት የዓይን ሐኪም ነበረች። «የዓይንዎ ውስጠኛው ክፍል ተቆጥቷል» አለችው። «ይሄ ጠብታ ስቴሮይድ አለበት። ጥሩ መድኃኒት ነው፤ ካልወሰዱት ቁጣው ራሱ ዓይንዎን ይጎዳዋል። ግን ብቻውን የሚለቀቅ መድኃኒት አይደለም፣ ጠባቂ ይፈልጋል።» ከዚያም እጁን ታጥቦ እንዲጨምር፣ ጠርሙሱን መጀመሪያ እንዲንጠው፣ የጠርሙሱ አፍ ዓይኑንም ሽፋሽፍቱንም እንዳይነካ፣ ጠብታው ከገባ በኋላ በአፍንጫው በኩል ያለውን የዓይኑን ጥግ በጣቱ ጫን አድርጎ እንዲይዝ አሳየችው። «ዓይኔ ቀላ ብሎ ለሚለምንዎ ሰው እንዳይሰጡ፤ የእሱ መቅላት ከጀርም ከሆነ ይሄ ጠብታ ያባብስበታል» አለችው። ወንድሜ «ዓይኔ ከነጣ በኋላስ ምን ያደርግልኛል? እተወዋለሁ» ሲላት፣ ስቃ «ደንበኛዎ ግማሽ ፊቱን ተላጭቶ ይነሣል እንዴ? እኔ በምነግርዎ መጠን ቀስ በቀስ እየቀነስን ነው የምናቆመው» ብላ መለሰችለት።

በመጨረሻ ሳቋን ትታ ይህን ተናገረች፦ «አንዳንድ ሰው ላይ ይሄ ጠብታ የዓይንን ግፊት ከፍ ያደርጋል። ብዙውን ጊዜ አያምም፣ አያቀላም፣ ሰውየው ራሱ አያውቀውም። የሚያውቀው መለኪያው ነው። ስለዚህ ከቀጠሮዎ እንዳይቀሩ። እኔ እለካዋለሁ።»

ወንድሜ ቃሏን እንደ ሕግ ያዘ። ጎረቤቱ ልብስ ሰፊ ዓይኑን እያሻሸ መጥቶ «አንዲት ጠብታ ብቻ» ቢለው አልሰጥም ብሎ፣ ሰውየው እስከ ዛሬ «ጠብታ የነፈገኝ» እያለ ያማዋል። ታካሚ ማለት እንዲህ ነው። አሁን ወደ ሆስፒታሉ ልምጣ፤ ቅሬታዎቼንም በፍርድ ቤት ልማዴ በተራ አቀርባለሁ።

አንደኛ፦ ወንድሜ በቀጠሮው ሲመጣ ሐኪሟ አልነበረችም። ከታካሚ ክፍል አንሥተው ፎቅ ላይ የሪፖርት አስተባባሪ አድርገዋት ኖሯል። ስለ አርቆ አሳቢነትዎ ምስጋናዬ ይድረስዎ። በሽተኛ ለማየት ማንም አያንስም፤ ለአለቆች የሚቀርብ ባለ ቀለም ሠንጠረዥ መሥራት ግን ዓይን ይጠይቃል።

ሁለተኛ፦ የዓይን ግፊት መለኪያው ማሽን በምርመራ ክፍሉ ውስጥ አልነበረም። አሮጌው ተበላሽቷል፤ አዲሱ በእርዳታ መጥቶ፣ ሪባን ተቆርጦለት፣ ፎቶ ተነሥቶለት፣ እንግዶች እንዲጎበኙት ከስብሰባ አዳራሹ ጎን ባለ ክፍል ውስጥ ጨርቅ ለብሶ ተቀምጧል። ክፍሉ ይቆለፋል። ቁልፉ በእርስዎ ኪስ ነው። ማሽኑን እንደ ዓይንዎ ብሌን ጠብቀውታልና ማንም ሊወቅስዎ አይችልም፤ አንድም የሰው ዓይን ተጠግቶት አያውቅም። በሐኪሟ ቦታ የተተካውን ባለሙያ ወንድሜ «አትለካኝም?» ቢለው፣ «ማሽኑ አለ፣ ቁልፉ ነው የሌለው» አለው።

«ቁልፉ የት ነው?»

«ሥራ አስኪያጁ ጋ።»

«ሥራ አስኪያጁስ?»

«ስብሰባ።»

ከዚያ በእጅ ባትሪ ዓይኑን አየት አድርጎ «እንደ ወተት ነጥቶልህ የለም እንዴ? ምን ትፈልጋለህ?» አለና ያንኑ ጠብታ በዚያው መጠን እንዲቀጥል አዘዘለት። በሚቀጥለው ቀጠሮም እንዲሁ። ከዚያ በኋላም እንዲሁ። መቀነስ የምታውቀው ሐኪም ፎቅ ላይ ሠንጠረዥ ታሰምራለች፤ መለካት የሚችለው ማሽን ጨርቅ ለብሶ ተኝቷል፤ መድኃኒት ቤቱ ብቻ ያለ እንከን ይሠራ ነበር።

ሦስተኛ፦ ወንድሜ ሞኝ አይደለም። «እንግዲያው ማሽን ወዳለበት ላኩኝ» አለ። አይቻልም ተባለ። በእርስዎ ፊርማ በወጣው መመሪያ መሠረት፣ ሆስፒታሉ ራሱ ላለው መሣሪያ ታካሚን ወደ ሌላ ቦታ መላክ ክልክል ነው። ማሽኑ ስላለ አይላክም፤ ማሽኑ ስለተቆለፈ አይለካም። በፍርድ ቤት ዘመኔ ብዙ የተቆላለፈ ነገር ታይፕ አድርጌአለሁ፤ እንዲህ ያለውን ግን ከእርስዎ ነው የተማርኩት። ያን ቀን ወንድሜ ቤቴ መጥቶ ከበሩ ሳይርቅ ቆመና «እትዬ» አለኝ፣ «ብተወው በድንገት አትተው ተብያለሁ። ብቀጥል ሳትለካ አትቀጥል ተብያለሁ። ታዲያ እኔ ምን ልሁን?» እርስዎ መልስ ካለዎት ዛሬም ለመስማት ዝግጁ ነኝ።

አራተኛውን ቁጥር ልሰጠው አልችልም። እንደመጣልኝ እነግርዎታለሁ።

አንድ መምህር አለ፣ ለዓመታት በወንድሜ ወንበር ላይ የተኛ። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ እንደ ልማዱ ተኝቶ ሳለ ምላጩ የጆሮውን ጫፍ ቆረጠው። መምህሩ በርግጎ ተነሥቶ ደሙን በመስተዋት ሲያይ «ምን ነካህ አንተ ሰው?» ብሎ ጮኸ። ወንድሜ ምላጩን አስቀምጦ፣ በዝግታ፣ «ጆሮህን አላየሁትም» አለው። በአጠገቡ የሚሠራው ባልደረባው ነው ስልክ ደውሎ የጠራኝ፤ «እትዬ፣ ይምጡ፣ ወንበሩ ላይ ራሱ ተቀምጦ አይናገርም» አለኝ።

ያኔ የታዘብኩትን ሁሉ ገጣጠምኩት። በቀኝ ትከሻው የበር መቃን እየመታ ያልፍ ነበር። ከቀኝ በኩል ሰላም ያሉትን ሰዎች ሳይመልስላቸው ሲያልፍ «ኮራብን» ተብሎ ታምቷል። ኩራት አልነበረም። ከቀኝ በኩል ዓለም በሱ ላይ ቀስ ብላ እየተዘጋች ነበር፣ ያለ ሕመም፣ ያለ መቅላት፣ ልክ ወጣቷ ሐኪም እንዳለችው።

መላኪያ ወረቀት ሳንይዝ፣ በአውቶቡስ፣ ከከተማው ማዶ ወዳለ ክሊኒክ ወሰድኩት። አንድ ሽማግሌ ሐኪም ለካው። ደግሞ ለካው። ከዚያ «ይሄን ጠብታ ስትወስድ ማን ነበር የሚከታተልህ?» አለው። ወንድሜ ወደ እኔ ዞረ፤ አፍሮ፣ ጥፋቱ የሱ ይመስል። የዓይኑ ግፊት ከልክ በላይ ወጥቶ ሰንብቶ ነርቩን በልቶታል። «የሄደው አይመለስም» አለ ሐኪሙ፤ «የቀረውን ግን አጥብቀን እንይዘዋለን።» ወንድሜ ጠርሙሱን አውጥቶ ወደ ቆሻሻ ቅርጫቱ ሊጥለው ሲል ሐኪሙ እጁን ያዘው። «አትጣለው። ይሄ መድኃኒት ጠላትህ አይደለም፤ በደሉ ከሱ ጋር ብቻህን መተውህ ነው። በድንገት ካቆምክ ቁጣው ይመለሳል። እየለካን እንቀንሰዋለን» አለው። እንዳለውም ግፊት የሚያወርድ ሌላ ጠብታ ጨምሮ፣ በየቀጠሮው እየለካ ቀነሰው፤ በመጨረሻም አቆመው። መለካት የሚፈጀው ጊዜ፣ ክቡር ሆይ፣ እርስዎ ቁልፍዎን ከኪስዎ ፈልገው ከሚያወጡበት አይበልጥም።

ከዚህ በኋላ ነው ወደ ቢሮዎ የመጣሁት። ጸሐፊዎ «ስብሰባ ላይ ናቸው» እያለች፣ እርስዎ ከውስጥ በስልክ ሲስቁ እየሰማሁ ጠበቅሁ። ስገባ በክብር ተቀበሉኝ፤ ወንበርም ሰጡኝ። ከዚያ «ታካሚው መመሪያ ሳያከብር ቀርቶ ይሆናል፤ እነዚህ ሰዎች ጠብታውን ከየመንደሩ እየገዙ ነው» አሉኝ። እያንዳንዱ ማዘዣ የራስዎን ሆስፒታል ማኅተም ይዞ በእጄ ነበር። በዓይን ክፍል ደጃፍ ይህን የመሰለ ዓይን ያወጣ ነገር እሰማለሁ ብዬ አልገመትኩም ነበር። ማኅተሙን ሳሳይዎት ድምፅዎን ዝቅ አድርገው እውነቱን ነገሩኝ፤ «እናቴ፣ ማሽኑ ውድ ነው። ማንም እየነካካ ቢያበላሸው ተጠያቂው እኔ ነኝ።»

አመንኩዎት። በእርግጥም ማሽኑ ቢሰበር ይጠየቃሉ። የሰው ዓይን ቢጠፋ ግን የሚጠይቅዎ የለም። ሁለቱን በሚዛን አስቀምጠው ሚዛኑ የደፋበትን መረጡ። በቀላል አማርኛ ይህ ጥንቃቄ አይባልም፤ ወንድሜን ለራስዎ ደህንነት መያዣ ማድረግ ነው። ከቢሮዎ ስወጣ በኮሪደሩ አግዳሚ ወንበር ላይ ያችኑ ጠርሙስ በእጃቸው የያዙ ሰዎች ተደርድረው ተቀምጠው ነበር፤ አንዷ ሴትዮ «ዛሬ ይለኩ ይሆን?» ብላ ጠየቀችኝ። አይለኩም አልኳት። የት እንደሚለኩም ነገርኳት። ይህን በማድረጌ መመሪያዎን ከጣስኩ ልከሰስ ዝግጁ ነኝ፤ የፍርድ ቤቱን መንገድ አውቀዋለሁ።

ወንድሜ ዛሬም ሱቁ አለ። በማሽን ፀጉር ይቆርጣል፤ ምላጩን ለባልደረባው አስረክቧል። መምህሩ ተመልሶ መጥቷል፣ ቂም የለውም፤ ግን ዓይኑን ገልጦ ነው የሚቀመጠው። ወንድሜ ይህን ያያል። ወጣቷ ሐኪም ወሬውን ሰምታ አንድ ቀን ሱቁ መጣች። «እለካዋለሁ ብዬዎት ነበር» አለችው። ወንድሜ ወንበሩን በፎጣ ጠርጎ አስቀመጣት፤ «አንቺማ ነግረሽኝ ነበር» አላት።

ክቡር ሥራ አስኪያጅ፣ ካሳ አልጠየቅኩም፤ ይቅርታም ከእርስዎ አልጠብቅም፤ ከአንገት በላይ የሆነው አይጠቅመኝም። የምጠይቀው በሩ እንዲከፈት፣ ሐኪሟ ወደ በሽተኞቿ እንድትመለስና ግፊቱ ሳይለካ ለማንም ይህ ጠብታ በላይ በላዩ እንዳይታዘዝ ነው። ይህ ከአቅምዎ በላይ ከሆነ፣ ቁልፉን በር ላይ ሰቅለው ቢሄዱ የሚቀየምዎት ሰው አይኖርም።

የሆስፒታልዎን ንብረት ንጽሕናና ፍጹም አለመነካት በአድናቆት የምትመለከት፣ በሥልጣንዎ ዘመን ብዙ የተማረች፣ ለማንም የማትመኘውን ትምህርት ስለሰጧት ምስጋናዋን በአደባባይ የምታቀርብ፣

የአስተኚው ታላቅ እህት

ማስታወሻ፦ ባለፈው ቀጠሯችን ከከተማው ማዶ ባለው ክሊኒክ ከወንድሜ ጎን የተቀመጡ ደግ ባልቴት አጫውተውን ነበር። እርሳቸውም ያንኑ ጠብታ ነው የሚወስዱት። በሆስፒታልዎ መኪና ነው የመጡት፤ ሾፌሩ ደጅ ይጠብቃቸው ነበር። «ልጄ የትልቅ ሆስፒታል አለቃ ነው» አሉን በኩራት፤ «ግን ‹ለዓይንሽስ እኔ ጋ አትምጪ፣ እዚያ ሄደሽ በየቀጠሮው ተለኪ› ብሎኛል።» ግፊታቸው ተለክቶ ደህና ሆኖ ተገኝቷል። እንኳን ደስ ያለዎት።