ያቆየሁልህ ባህር ዛፍ

ይድረስ ለልጄ፣

እንደምን ከርመሃል አባቴ? ብርዱስ፣ ራቡስ እንዴት ያደርግሃል? እኔ ጉልበቴ ከመክዳቱ በቀር ደህና ነኝ፤ ምላሴ እንደሆነ እንደምታውቀው አልታመመም። ልጅህ ማኅሌትም ደህና ናት፤ ቁመቷ የበሩን ጉበን ሊነካ ነው። ፊደሌ ቢንጋደድ አትሳቅብኝ፣ በደርግ ጊዜ በመሠረተ ትምህርት የለቀምኳት ናት። ዲያቆን ጥሩሰውን እስቲ ለልጄ ደብዳቤ ጻፍልኝ ብለው መሬት መሬት እያየ መንገዱን ቀጠለ። ተወው እንግዲያ፣ እኔም እጅ አለኝ ብዬ ይኸው ራሴ ያዝኩት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከተማችን አረንጓዴ ትሁን ተብሏል። ማዘጋጃ ቤቱ ፌስታል ከለከለ፤ ደግ አደረገ፣ ፍየሌም በሱ ነው የሞተችው። ቆሻሻ ለይታችሁ ጣሉ አለ፣ እሺ አልን፤ ድሃ ምን ቆሻሻ አለውና ይለያል! ከዚያ ዞረና ከምንጩ በላይ ያለው ባህር ዛፍ ሁሉ ይነሳ፣ ውሃውን ጠጥቶ የጨረሰው እሱ ነው፣ በፈንታው ወይራና ጽድ ይተከላል አለ።

አንተ የተከልከው እዚያ አይደል?

በዚያ በጦርነቱ ዓመት ስትዘምት እስከ ጋሸና ስሸኝህ፣ ከጭነት መኪናው ላይ ሆነህ እንዳታስቆርጪው፣ ስመለስ ቤት እሠራበታለሁ አልከኝ። እኔም አላስቆረጥኩም። ስንቱ ነጋዴ መጣ! ባለቤቱ ሲመጣ ጠይቁት እያልኩ መለስኩ። ሰው ከንፈሩን ይመጥጥብኛል። ምጠጡ አልኩ፣ የራሳችሁ ከንፈር ነው።

ከማዘጋጃ ቤት የመጣችው ልጅ የትናየት ትባላለች። ጨዋ ናት፤ ክፉ ብትሆን ይቀለኝ ነበር። እማማ፣ ይህ ዛፍ እኮ ውሃ ይጠጣል ብትለኝ፣ እና ምን ይጠጣ፣ ጠላ ልቅዳለት? አልኳት። ሳቀች። ማኅሌት ለአንድ ጀሪካን ውሃ ወንዝ ድረስ እንደምትወርድ ስታነሳብኝ ግን ቀልዴን ተውኩ። እውነቷን ነው፣ ምንጩ ደርቋል፣ የልጅህም ጀርባ እየጎበጠ ነው። ግን ዛፉን ከሰጠሁ ምን ይዤ ልጠብቅህ?

ቆራጩ መሐመድኑር መጥረቢያውን ይዞ ሲመጣ ግንዱን ተደግፌ ቁጭ አልኩ። እኔንም ቁረጠኝ፣ ደርቄያለሁ፣ ለማገዶ እሆናለሁ አልኩት። ወላሂ እናቴ፣ እርስዎ ተቀምጠው አልነካውም ብሎ ተመለሰ።

ያሸነፍኩ መስሎኝ ነበር።

በማግስቱ ዝናቡ እያካፋ ለሰፈሩ ችግኝ ሲታደል ወረድኩ። የትናየት፣ ሰው የተከለውን እንዲንከባከብ ብላ፣ የሞተበት ሁሉ በሟቹ ስም ይትከል ብላ ኖሯል። ማኅሌትን ከሰልፉ መሃል አየኋት። የወይራ ችግኝ ታቅፋ ቆማለች። በማን ስም ነው ቢሏት ያንተን ስም ጠራች። ድምጿ እንኳ አልተንቀጠቀጠም። ለካ ልጅቷ ብቻዋን አልቅሳ ጨርሳለች፤ እስከዛሬ ዝም ያለችው እኔን ፈርታ ነው።

አልተቆጣኋትም። ቤቴ ገብቼ መሐመድኑርን አስጠራሁት።

ቆረጠው። ሲወድቅ አላየሁም፣ ድምፁን ግን ሰማሁ። ውሃውም አልመጣ። የትናየትን መቼ ነው ብላት፣ ምንጩ እስኪመለስ ዓመታት ይፈልጋል አለችኝ። ዓመት ከየት ላምጣለት? ይህን ሁሉ ዓመት በምን እንደፈጀሁት አንተ ታውቃለህ።

መምሬ ሰይፈ ሥላሴ ደግሞ ፍትሐት ይደረግለት እያሉ ድሮም አይተዉኝም። ለፍትሐት የሚጠራው የክርስትና ስም ነው፤ ክርስትና አባትህ ካረፉ ወዲህ ያንተን የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ። በጠየቁኝ ቁጥር አርጅቻለሁ፣ ጠፋኝ እያልኩ እሸኛቸው ነበር። ትናንት ደጄ የተቆለለውን እንጨት አዩና፣ ለዳስ ይበቃል አሉኝ፣ ቀስ ብለው። ዛሬ ከቅዳሴ ሲወጡ ጠብቄ፣ ነጠላዬን በአፌ ላይ አድርጌ፣ ስሙን በጆሯቸው ነገርኳቸው። እሳቸው አለቀሱ። እኔን እንባው እምቢ አለኝ።

እሑድ ዳስ እንጥላለን።

ካለህበት ብርድ አያግኝህ ልጄ። ነአኩቶ ለአብ አይለይህ፣ ደጁን ስጠና የኖርኩት ላንተ ነው። የተራበ አያድርግህ፣ ብቻህን አያድርግህ። ማኅሌትን ለወግ ለማዕረግ እስካደርስ ትንሽ ታገሰኝ፤ ከዚያ አንተ አትድከም፣ እኔው እመጣለሁ።

ስትጠብቅህ የነበረችው እናትህ