ድንጋይ ተሸክመን ስላሠራነው ድልድይ

ድልድያችን አለቀ! አለቀ እኮ፣ ክቡር አቶ ቢያዝን! ትናንት እኔ ራሴ መሐሉ ድረስ ሄጄ፣ በዚህ ክብደቴ ደጋግሜ ዘልዬበት፣ ንቅንቅ አላለም!

ውይ፣ ሰላምታው መቅደም ነበረበት፤ ደስታ ሥርዓት አሳጣኝ። እንደገና ልጀምር።

ለክቡር አቶ ቢያዝን፣ የመንገድና ዓለም አቀፍ ትብብር ማስተባበሪያ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፤ ባሉበት። ለጤናዎ እንደምን ሰነበቱ? ወገብዎ በዚያ በሚሽከረከረው ወንበር፣ ጉሮሮዎ በስብሰባ ብዛት፣ ዓይንዎ ደግሞ ሳያነቡ በመፈረም እንዳይጎዳብን የእመቤታችን ማኅበርተኞች ሁላችንም በጸሎት እያሰብንዎት ነው። እኔ ያለምዘውድ አበባው ነኝ፤ ቁይ ገበያ ጌሾ የምሸጠው። ከዘነጉኝ ዘበኛዎን ይጠይቁት፤ ከበር ላይ ሲያየኝ «እትዬ ያለምዘውድ፣ ዛሬም?» እያለ ወንበር ማቅረብ ከጀመረ ቆይቷል። ይህን ደብዳቤ በአደባባይ የጻፍኩት ምስጋናችን እንደ ማመልከቻዎቻችን መሳቢያ ውስጥ እንዳያድር ብዬ ነው።

አንደኛ፣ ስላስተማሩኝ ትምህርት አመሰግናለሁ። አዲሱ አስፋልት በሰፈራችን ሲያልፍ የግራር ውኃ ወንዝን አቅጣጫ አስቀይሮ፣ አያቶቻችን በእግር የሚሻገሩትን መልካ ገደል እንዳደረገው ያውቃሉ። እኛ ከወዲህ፣ ጤና ጣቢያው ከወዲያ ቀረን። ባለፈው ክረምት ጎረቤቴ የኔአለም ምጥ ይዟት፣ ሙላቱ እስኪጎድል ዳር ላይ ስትጠብቅ፣ ሴቶች ወጥረን በያዝነው ላስቲክ ሥር ወለደች። አባትየው ልጁን ድረስ ብሎ ስም አወጣለት። ዘንድሮ ደግሞ የእኔዋ ልጅ ዓይናዲስ የመጀመሪያዋን አርግዛ ቀኗ የሚደርሰው ሐምሌ ላይ ነው። እርስዎ ዘንድ የተመላለስኩት ለዚህችው ነበር፤ መሻገሪያ ይሠራልን ለማለት። እርስዎም በትዕግሥት አስረዱኝ፤ ብድሩ የውጭ ባንክ ነው፣ ውሉ የተፈረመው በሌላ አገር ከተማ ነው፣ ኩባንያው የቱርክ ነው፣ ተቆጣጣሪው ደግሞ የሦስተኛ አገር ሰው ነው፤ ስለዚህ እዚህ አንድ ድንጋይ ለመጨመር እኛ ስንነቃ የሚተኙ ሰዎች ፈቃድ ያስፈልጋል። «ጉዳዩ ከአገር በላይ ነው፣ እትዬ» አሉኝ። እኔ ደብረ ማርቆስ ስማር፣ ሉዓላዊነት ማለት አገር በገዛ መሬቱ አዛዥ ሲሆን ነው ብዬ ፈተና ላይ ጽፌ ሙሉ ማርክ አግኝቼበታለሁ። ማርኩን ለማን እንደምመልስ ቢጠቁሙኝ ደስ ይለኛል።

ሁለተኛ፣ ስለ ካርታው። ፕላኑን ጠረጴዛዎ ላይ ዘርግተው ሰፈራችን ባለበት ቦታ ነጭ ወረቀት አሳዩኝ። «ዲዛይኑ ውጭ ነው የተሠራው፤ እዚህ ሰው መኖሩ አልተመዘገበም» አሉ። ባሕር ማዶ ተቀምጦ የሳለውን ሰው አልወቅሰውም፤ ከየት አይቶን። እናንተ ግን ለግብር ስትመጡ ቤታችንን አጥታችሁት አታውቁም፤ ውሻችንን እንኳ በስሙ ነው የምትጠሩት።

ሦስተኛ፣ ስለ «ዓለም አቀፍ ሁኔታ»። ሲሚንቶ የለም ስንል ዓለም አቀፍ ሁኔታ፣ ማዳበሪያ ዘገየ ስንል የሩቅ አገር ጦርነት፣ ነዳጅ ስንል ቀይ ባሕር ላይ የቆመ መርከብ። እውነት ነው፣ አልክድም፤ ዓለም ተያይዟል፤ እዚያ ሲያስነጥሱ እኛ እንታመማለን። ግን የጽሕፈት ቤትዎ ሽንት ቤት ለምን ተቆለፈ ብዬ ስጠይቅም ጸሐፊዎ ያንኑ መለሰችልኝ፤ ያን ዕለት የትኛው መርከብ እንደ ቆመ እስካሁን አልገባኝም።

ቁጥሩ እዚህ ላይ ይብቃኝና ወደ ወጉ ልግባ፤ ሰው ሁሉ ከእርስዎ ፌስቡክ ብቻ እንዳይሰማው።

ወጣቶቻችን ተናደው መንገዱን በእሾህና በከብት እንደ ዘጉት ያስታውሳሉ። የኩባንያው ገልባጭ መኪኖች ቆሙ፣ መሐንዲሱ ኦርሃን የሚባለው ሰው ተሰደበ፣ ተቀየመ። እኛ የማኅበሩ ሴቶች ተሰብስበን መከርን፤ የተቀየመን ሰው ድልድይ ሥራልን አይባልም፣ መጀመሪያ ቂሙ ይነሣ አልን። ስለዚህ ለማንም ተበዳይ እንደምናደርገው፣ ሽማግሌዎች ድንጋይ በማጅራታቸው ተሸክመው ይቅርታ እንዲጠይቁ ላክን። ሰውየው የአገራችንን ሥርዓት የማያውቅ ባዕድ መሆኑ ለአንዳችንም ትዝ አላለንም! እኔ ራሴ ለአባ እንዳላማው ድንጋይ መረጥኩላቸው፤ አንገታቸውን እንዳይፍቀው ለስላሳውን።

መሐንዲሱ ከኮንቴይነር ቢሮው መስኮት ብቅ ሲል ምን አየ? ነጭ የለበሱ ሽማግሌዎች፣ እያንዳንዳቸው ድንጋይ ይዘው፣ ቀስ እያሉ፣ ሳይናገሩ ወደ እሱ ሲመጡ። በሩን ቆልፎ ለኤምባሲው ደወለ። ኤምባሲው ለሚኒስቴሩ፣ ሚኒስቴሩ ለክልሉ፣ ክልሉ ለእርስዎ። ስንት ጊዜ ደጅ ጠንቼ ያላገኘሁዎት ሰው፣ የሽሮ ድስት እንኳ ሳይንተከተክ፣ ፖሊስ አስከትለው በአቧራ ውስጥ ከች አሉ! ያን ዕለት ነው የዓለም አቀፍ ግንኙነት አሠራር የገባኝ፤ ከሰፈራችን ወደ ቢሮዎ አቋራጩ መንገድ በአንካራ በኩል ኖሯል።

ሽማግሌዎቹ ግን እንደ ቆሙ ናቸው፤ በሥርዓቱ ተበዳዩ ይቅር ሳይል ድንጋይ አይወርድም። እርስዎ በድምፅ ማጉያ «ድንጋዩን ጣሉ!» ብለው ሲጮኹ፣ አባ እንዳላማው «ይቅር ሳይለን? ይሄ ባለጌ ደግሞ የማነው ልጅ?» አሉ። የእርስዎን ወላጆች መጠየቃቸው እንደ ነበር ለታሪክ አስመዘግባለሁ።

እግዜር ይስጣትና የካምፑ አስተርጓሚ መቅዲ ከምሳ ደረሰች። በሩ ሥር ቁጭ ብላ፣ ሳቋ እያቋረጣት፣ ድንጋዩ ለእሱ ጭንቅላት ሳይሆን ለእነሱ አንገት መሆኑን አስረዳችው። ሰውየው በሩን ከፍቶ ወጣ፤ የአባን ድንጋይ በገዛ እጁ አወረደ፤ እጃቸውን ስሞ ግንባሩ ላይ አደረገው። በአገሩ ሽማግሌ የሚከበረው እንዲያ ነው አለች መቅዲ። አባም «ይሄስ እናት አሳድጋዋለች» አሉና ዞር ብለው እርስዎን አዩ።

ምን ትፈልጋላችሁ ሲለን መሻገሪያ አልን። «እዚህ ሰው ይኖራል እንዴ?» ብሎ ደነገጠ፤ ፕላኑን አምኖ ነበርና። ውሉን መንካት እንደማይችል ነገረን። የገዛ መኪኖቹ ከእኛ በኩል ድንጋይ የሚያመላልሱበት ጊዜያዊ መሻገሪያ ለመሥራት ግን ማንንም ማስፈቀድ አያስፈልገውም ነበር። የተረፉ ቱቦዎችና ብረት አመጣ፣ እኛ በደቦ ወጣን፣ መሠረቱ ላይ መጀመሪያ የገቡትም እነዚያው ከሽማግሌዎቹ ማጅራት የወረዱት ድንጋዮች ናቸው። ሁለት አገር ተስማማ፤ ማንም አልፈረመም፤ ከእርስዎ በቀር ማንም ፎቶ አልተነሣም። «በሁለቱ መንግሥታት ከፍተኛ ዲፕሎማሲ የተገኘ ድልድይ» ብለው የለጠፉትን አይተናል። ሄልሜቱ አምሮብዎታል፤ ላስቲኩን ግን ቢልጡት።

እንግዲህ ይህን ሁሉ በደስታ ረስቼው ነበር፤ ባለፈው ሳምንት በድልድዩ ወዲህና ወዲያ ጫፍ ሪባን አስወጥረው ዘበኛ ባያቆሙበት ኖሮ። ከሚኒስቴርና ከባሕር ማዶ እንግዶች መጥተው እስኪመርቁት ማንም እንዳይሻገር፣ እንግዶቹም ከተመቻቸው ሐምሌ መጨረሻ ሊመጡ እንደሚችሉ ሰማን። ሐምሌ! እኔ ትናንት የገባሁት በሪባኑ ሥር አጎንብሼ ነው። ዓይናዲስ ግን፣ ክቡርነትዎ፣ በዚያ ሆዷ ማጎንበስ አትችልም። ምጡስ የትኛውን ኤምባሲ ያስፈቅድ? ልጄ አልቆ የቆመ ድልድይ እያየች ዳር ላይ ላስቲክ አይወጠርላትም፤ ይህን ለኤምባሲውም፣ ለባንኩም፣ እኛ ስንነቃ ለሚተኙትም ሁሉ ያስተላልፉልኝ።

ስለዚህ ማኅበራችን ወስኗል። ልደታን መቼም ሰው ሁሉ ከደጅ ወጥቶ ነው የሚያከብራት፤ ዘንድሮ ድልድዩ ላይ እናከብራታለን። ንፍሮው ይቀቀላል፣ ኦርሃንና መቅዲ ይመጣሉ፣ ድልድዩ ላይ ያቆሙት ዘበኛዎም ጠላው ስንት እንስራ እንደሆነ ጠይቆናል። ሪባኑን ዓይናዲስ ቀጥ ብላ እየሄደች በሆዷ ትበጥሰዋለች።

ከወገቤ ጎንበስ ብዬ፣ ከዚያም ቀና ብዬ፣ ለወንበርዎ ረጅም ዕድሜ ለእርስዎ ደግሞ ረጅም እግር እየተመኘሁ፣

አክባሪዎ ያለምዘውድ አበባው
የጌሾ ነጋዴ፣ የወደፊት አያት፣ በፕላኑ ላይ ነጭ ከሆነው ሰፈር

ማስታወሻ፦ ምናልባት ይቅርታ መጠየቅ ካማረዎ ሥርዓቱን አይተውታል። አንድ ድንጋይ አስቀምጠንልዎታል፤ ስብሰባ የለመደ አንገት መሆኑን አስበን መካከለኛውን ነው የመረጥነው፤ ይቅር የምትልዎትም ዓይናዲስ ናት። የሰማ ላልሰማ ያሰማ፤ ከቁይም፣ ከአማኑኤልም፣ ከደጀንም፣ ድንጋይ ያለውም የሌለውም፣ ማንም እንዳይቀር፦ ግንቦት አንድ ቀን፣ ልደታ፣ ጠዋት፣ ድልድዩ ላይ።